ከል የለበሰችው ቮልስ

እናቴ የሞተች ሰሞን አባቴ ቮልሳችንን ጥቁር ቀባት። ጋራዥ ወስዶ በመርጫ ያስቀባት እንዳይመስላችሁ። ለበርና ለመስኮት የሚሆን የዘይት ቀለም ገዝቶ፣ በግድግዳ ብሩሽ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ነው የቀባት። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያየው ነበር። የከለከለው የለም። ሐዘንተኛ ፊቱን ሲነጭና ደረቱን ሲደቃ እጁ ይያዛል፤ መኪና ሲቀባ ምን ተብሎ ይያዛል? የብሩሹ ፀጉር እየተነቀለ ቀለሙ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። ኮፈኗ ላይ እስከ መጨረሻው ድረስ ሁለት ሦስት ፀጉር ተለጥፎ ነበር።

በእኛ አገር ሰው የሞተበት ከል ይለብሳል። የድሮ ሰው ነጭ ልብሱን ነክሮ ያጠቁረው ነበር፤ የዛሬ ሰው ፒያሳ ወጥቶ ጥቁር ሸሚዝ ይገዛል። ዓመት ሲሞላ ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ባሉበት፣ «በቃ፣ ይብቃህ» ተብሎ ከሉ ይወጣል። በእናቴ ወገን ዘንድ ሐዘንተኛ ከሉን በራሱ እጅ አያወጣም፤ የሚያወጣለት የሟች ዘመድ ነው። ያለዚያ ሙት እንደ መርሳት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ዓመቱ ሲሞላ የእናቴ ታላቅ እህት ከዳባት መጥታ የአባቴን ጥቁር ሸሚዝ አስወልቃ ነጭ አለበሰችው። መኪናዋን ግን ማንም አላሰባትም። ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ ክረምቱ በመጣ ቁጥር ይወርድባታል።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። «ለአንተ ዓመት ሲሞላ ለእሷ አይሞላም ወይ?» እያልኩ እነዘንዘው ነበር። «ተያት» ይለኛል። ወይ ሽጣት፣ ወይ አስነሣት፣ ልብስ ማስጫ ቦታ እንኳ አሳጣችኝ እለዋለሁ። «ተያት አልኩሽ።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለ ያሳደገኝ ሰው ራሱ ምን እንደያዘ አያየውም እል ነበር በሆዴ።

ምን እንደያዘ ግን አውቅ ነበር። እናቴ የሞተችው በዚያች መኪና ውስጥ ነው።

ዳባት እህቷ ዘንድ ለክርስትና ሄዳ ሳለች ደረቷን ወግቶ ያዛት። አባቴ ከጎንደር በቮልሷ ሄዶ፣ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ወደ ሆስፒታል ይዟት ተነሣ። እንዳትፈራ መንገድ ለመንገድ ያወራታል። በዚያ ሰሞን «መኪናዋን እሸጣለሁ»፣ «አትሸጥም» እየተባባሉ ነበርና አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፉ፣ «እሺ በቃ፣ አልሸጣትም» አላት። ዝም አለች። «አልሸጣትም እኮ ነው የምልሽ» አላት። አሁንም ዝም። ያኮረፈች መሰለው። እናቴ ስታኮርፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞር ነበር፤ ያን ቀንም ወደ መስኮቱ እንደዞረች ናት። ያወቀው ኮሶዬ ሲደርስ ነው። አባቴ ዕድሜውን በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ የሰው ክንድ ይዞ የልብ ምት ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን እጁ መሪ ላይ ነበር።

ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግሜ አልጠየቅሁትም።

አምና ሰኔ ላይ ዓይኑን ለማሳየት እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል ወሰድኩት። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሐኪሙ ገና አፉን ሳይከፍት ከፊቱ አነበብኩት። ግላኮማ ነው፤ አንደኛው ዓይን ከሄደ ቆይቷል፣ ሁለተኛውም እየጠበበ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ለቀረው ጠብታውን እንዳያቋርጥ ተባለ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጁን ጉልበቴ ላይ አኑሮ፣ «የመኪናዋን ከል አውጪላት» አለኝ።

«ዛሬ ምን ታየህ?»

«ዛሬማ ይታየኛል። ነገ ነው የማላውቀው። ቀለሟን አንድ ቀን ልየውና ከዚያ የእናትሽ እህት ዘንድ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ። ከሉን የምታወጣው እሷ ናት፤ እኛ ቀለሙን ነው የምናነሣው።»

ለዓመታት የነዘነዝኩት ነገር ሲሰጠኝ አለቀስኩ። የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ እያየ ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ።

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ቀለም ቀቢ አለ። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ከሥራው ይልቅ ወሬው የሚፈጥን ሰው ነው። ቮልሷን አስጎትቼ ሳመጣለት ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «እህቴ፣ ይህን የቀባው ሰው ጠላቷ ነው?» አለኝ። «አባቴ ነው» አልኩት። አፉን ያዘ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል በጣም ጨዋ ሆነ።

ችግራችን ቀለሙ ምን እንደነበር አለማወቃችን ነው። ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ሃያ ዓመት የተሳፈርኩባት መኪና እኮ ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ውሃ ሰማያዊ ነበረች። ፎቶ አወጣሁ፤ ፎቶዎቹ አርጅተው ሁሉም ነገር ሻይ የፈሰሰበት መስሏል፣ እናቴም መኪናዋም። አባቴን ስጠይቀው፣ «የተልባ አበባ» አለ። እናቴ ናት እንደዚያ የምትላት። መጀመሪያ ዳባት ይዟት የሄደ ቀን መኪናዋ ከአባቷ የተልባ ማሳ አጠገብ ቆማ፣ «አሁን ይቺ ከእርሻው ውስጥ ወጥታ የመጣች አትመስልም?» ብላው ነበር አሉ።

«የተልባ አበባ የሚል ቀለም በጣሳ ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም» አለ ቀለም ቀቢው። «ብቻ ታች ያለውን እናገኘዋለን፤ ቆዳ አለው ማንኛውም መኪና።»

በሩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ መርጦ በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካ ይፍቅ ጀመር። ጥቁሩ ቀስ እያለ ሳሳ። ስር የወጣው ግን ሰማያዊ አልነበረም፤ የእጣቢ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። ሰማያዊው ፀሐይ በልቶት ደርቆ ስለነበር የአባቴን ዘይት ቀለም ጠጥቶታል። ሌላ ቦታ ፋቀ፣ እዚያም ያው ነው። ቀለም ቀቢው ወረቀቱን ጥሎ፣ «ሐዘኑ ውስጥ ድረስ ገብቷል» አለ። ሊያስቀኝ ይሁን አላውቅም፤ አልሳቅሁም።

ኋላ የመስታወቱን ጎማ ሲያነሣ፣ ፀሐይም ብሩሽም ያልደረሰበት ቀጭን መስመር አገኘ። ጥርት ያለ፣ ደማቅ ሰማያዊ። ደስ ብሎኝ በሩጫ አባቴን አመጣሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አባቴ አጎንብሶ፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ፣ በቀረችው ዓይኑ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይኼ እኔ ስገዛት የነበረው ነው» አለ።

«ታዲያ እሱን አይደል የምንፈልገው?»

«እናትሽ ይኼን አታውቀውም። እሷን ሳገባ ደብዝዞ ነበር። እሷ የተሳፈረችበትን ነው የምፈልግ።»

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። የፋብሪካ ቀለም በእጃችን ገብቶ የደበዘዘ ፍለጋ እንሂድ ሲለኝ፣ ዓይንህ እየሄደ ነው እኮ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ልክ ነበር እኮ። እኔም ብሆን የማውቃት የደበዘዘችውን ነው። ያ ደማቅ ሰማያዊ እኛ ከመምጣታችን በፊት የነበረ የማናውቀው ሰው መኪና ነው።

ክረምቱ ገባ። ቀለም ቀቢው ጥቁሩን ሙልጭ አድርጎ አነሣ፣ ዝገት የበላውን ቆርጦ በየደ፣ ስርጉዱን በስቱኮ ሞላ። መቀባት ግን አልቻለም፤ በዝናብ ወራት የሚረጭ ቀለም እርጥበት ይዞ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። መስቀል እስኪያልፍ ጠብቁ አለን። እሱ ለቀለሙ ብሎ ያስጠብቀናል፤ እኔ ቤት ውስጥ አባቴ ብርጭቆ ሊያነሣ ሲዳብስ አያለሁ። አንድ ቀን ጠብታውን ጉንጩ ላይ አንጠባጥቦ፣ «ገባ?» አለኝ። «ገባ» ብዬ ጠርጌለት ደግሜ አደረግሁለት።

ለአክስቴ ደውዬ ተልባው ካበበ ላኪልኝ አልኳት። «ምነው፣ አበባ ምን ሊያደርግልሽ?» አለች። ነገርኳት። «ማታ አዝዤ ጧት እልካለሁ» አለች። እንዳለችውም መስከረም ላይ በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ስፈታው አገዳው ብቻ ነው ያለው። የተልባ አበባ ጧት ፈክቶ ቀትር ሳይሆን ይረግፋል። እሷ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይመስለኝም፤ የገበሬ ልጅ ናት። ሳይረግፍ እንዲደርስ ጸልያ የላከችው ይመስለኛል። ላስቲኩ ስር የተሰበሰቡት የአበባ ቅጠሎች ጠቁረዋል። ለአባቴ፣ «አልደረሰም» አልኩት።

በመጨረሻ ቀለም የሚቀምሙበት ሱቅ ወሰድኩት። ሰውየው ሰማያዊና ነጭ እያቀላቀለ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ይቀባል፤ አባቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን አፍንጫው ስር አድርጎ ያያል። «ነጭ ጨምርበት።» እንደገና። «በዛ። ትንሽ አመድ የነካው ነበር።» እንደገና። የሱቁ ሰው ትዕግሥቱ አለቀ፤ አባቴ ግን አልቸኮለም። አንዷን ቆርቆሮ ይዞ ብዙ ቆየ፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ አቀና፣ ቆርቆሮዋን በአውራ ጣቱ አሸት አደረጋት። «ይቺ ናት» አለ። ያን ጊዜ እያየ ነበር? ደክሞት ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ያቺን ቀለም በጣሳ አስቀምሜ ለቀለም ቀቢው ሰጠሁት።

መስቀል እንዳለፈ አባቴ፣ «አልቃለች ወይ?» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። ሥራ ላይ ውዬ አድሬ የመጣሁ ቀን፣ ገና መሆኑን እያወቅሁ፣ ጥያቄው ስለሰለቸኝ ባጃጅ ይዤ ወሰድኩት። ቮልሷ መሠረት ቀለም ብቻ ተቀብታ ቆማለች። ግራጫ ናት፤ የሲሚንቶ ግራጫ፣ ከላይ እስከ ታች። ቀለም ቀቢው አጥቧት ስለነበር ታበራለች።

ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። እጁን ዘርግቶ አገኛት። ከኋላዋ ጀምሮ እየዳበሰ በጎኗ አለፈ፣ እናቴ ትሳፈርበት የነበረው በር ላይ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አያት፤ ሰው ሥዕል እንደሚያይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ።

«ራሱ ነው» አለ። «የተልባ አበባ። ሸጋ አድርጋችኋል።»

ቀለም ቀቢው እኔን አየኝ። እኔ ግራጫውን አየሁ። «አዎ አባባ» አልኩ። «ራሱ ነው።» ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ወደ ባጃጁ ስንመለስ ክንዴን ያዘኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ክንዴን ይዞ ሄዶ አያውቅም።

በማግስቱ ቀለም ቀቢው ደወለልኝ። «እንግዲህ እሳቸው እንደዚያ ከሆኑ... ያ የአመድ ሰማያዊ ገበያም የለው። ለአንቺ የሚያምርሽን፣ ነጭም ይሁን ቀይ...» ክፋት አልነበረውም፤ እሱ ለእኔ ማሰቡ ነው። እኔ ግን በሥራ ቦታዬ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ሰው እስኪዞርብኝ ጮህኩበት። አባቴ የመረጠውን ትቀባለህ፣ ያለዚያ ቁልፉን አስረክበኝ አልኩት። «እሺ እህቴ፣ እሺ» አለ።

ጥቅምት ላይ ቀባት። ንፋስ ሳይነሣ፣ ገና በማለዳው፣ አቧራ እንዳይነሣ መሬቱን በባልዲ ውሃ አርከፍክፎ፣ ዙሪያዋን በላስቲክ ጋርዶ። እኔ ከላስቲኩ ውጭ ቆሜ መርጫው ሲንሾካሾክ እሰማለሁ። መጀመሪያ ስስ አድርጎ፣ ሲደርቅ ደግሞ ደገመላት። ላስቲኩን ሲገልጠው ግራጫው ጠፍቷል። እናቴ የምትሳፈርባት መኪና ነበረች፤ ወይም ለእኔ መሰለችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያረጋግጥልኝ? የሚያውቃት አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ግራጫውን ራሱ ነው ብሎኛል።

ለዓመታት የቆመ ሞተሯን በመካኒክ አስጠግነን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን በአንድ እሑድ ተነሣን። እኔ እየነዳሁ፣ አባቴ ከጎኔ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ። ሞተሯ ከኋላ ያጓራል፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የወጣችው። ወገራ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ሲገባ፣ «ተልባው ረግፏል አይደል?» አለ። «ታጭዷል» አልኩት።

አክስቴ ደጅ ቆማ ነበር የጠበቀችን። እናቴ በትውልድ አገሯ ትረፍ ተብሎ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ከአክስቴ ቤት ቁልቁል ይታያል። አባቴ ወርዶ በሩን ይዞ ቆመ። ሰላም ተባባሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ የማልሰማ ይመስል፣ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አላት። «ቀለሙ ራሱ ነው?»

ደነገጥኩ። ጋራዥ ቆሞ ራሱ ነው ያለኝ ሰው ነው የሚጠይቃት።

አክስቴ ለማንም ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም፤ ለዚያ ነው እሷን የጠየቃት። በቮልሷ ዙሪያ ዞረች። በነጠላዋ ጫፍ ኮፈኗን ጠረገች። ራቅ ብላ አየች።

«አይደለም አያ» አለችው። «ያኔ ከዚህ ፈዘዝ ትል ነበር። ይኼ ትንሽ ደምቋል።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥቁር ግን አይደለም» አለች። እጇን አምጥታ በሩ ላይ ካለው እጁ ላይ አኖረችው። «ጥቁር አይደለም። እህቴም እኔም ይብቃህ ብለናል። ይብቃህ አያ።»

አባቴ እዚያው በሩን እንደያዘ አለቀሰ። በለቅሶው ቀን ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው፤ ያኔማ ብሩሽ ይዞ ነበር። አክስቴ አላባበለችውም። እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው፤ ከዚያ እጁን ይዛ ወደ መቃብሩ ወሰደችው። እኔ መኪናዋ ጋ ቀረሁ።

ስንመለስ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ አልቻልኩምና ጠየቅሁት። «ያን ቀን ጋራዥ፣ ራሱ ነው ያልከኝ...»

«ድምፅሽ ደክሞት ነበር» አለ። «ምን ልበልሽ?»

«ምንም አይታይህም ነበር?»

«ብርሃኑ ይታየኛል። ምን ቀለም ነበረች?»

«ግራጫ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መሪውን ይዤ ዓይኔን በትከሻዬ ጠረግሁ። ከዚያ ወሬ አለቀ። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። አባቴ የተቀመጠው እናቴ በተቀመጠችበት ወንበር ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቧል። ትንሽ ጠበቅሁ። ጎማዋ ሲጮህ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

«አባባ» አልኩ።

አልመለሰልኝም።

«አባባ!» እጄን ከማርሹ አንሥቼ ክንዱን ፈለግሁ።

እጄን በእጁ ያዘው። ጣቱ ደም ሥሬ ላይ ዐረፈ፤ እንደ ድሮው ሥራው።

«አለሁ» አለኝ። «አለሁ ልጄ። አንቺ መንገዱን እይ።»